ዘሀራ የምትጠብቀው ሰው

ሚስቴ ለሌላ ወንድ ስትኳል መስታወቱን የምይዝላት እኔ ነበርኩ።

አትሳቁብኝ። በየቀኑ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ኩሏን ታወጣለች፤ እኔ ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ እቀመጥና መስታወቱን ከፍ አደርጋለሁ።

«ቀና ያድርጉት እንጂ» ትለኛለች። «እጅዎ ይንቀጠቀጣል እኮ።»

ቀና አደርገዋለሁ። ተኩላ ስትጨርስ ሻሿን ታስተካክልና ወጥታ ከቆርቆሮው በራችን አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ዓይኗ ከአቀስታ በኩል በሚመጣው መንገድ ላይ ይተከላል።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?» እላታለሁ፣ መልሱን እያወቅኩ። የሚያሳክከውን ቁስል መንካት መተው እንዳቃተው ሰው ነበርኩ።

«ባሌን።»

«ባልሽ ማን ነው?»

«ይማም ነዋ!» ትልና ፈገግ ትላለች። ያችን ፈገግታ ለእኔ አሳይታኝ አታውቅም።

እኔ እንድሪስ እባላለሁ። መካነ ሰላም ገበያው ዳር ልብስ ስሰፋ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ዘሀራን ካገባኋት ወዲህ ልጆቻችን ራሳቸው ልጅ ወልደዋል። ይማም የሚባለው ሰው ከእኔ በፊት ያገባት ነው። ዓመት እንኳ በቅጡ አብሯት ሳይቀመጥ በጅቡቲ በኩል ሳውዲ ሊገባ ወጣ። «ተመልሼ እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። ልጅቱ ከደሴ የሚመጣው መኪና በሚገባበት ሰዓት ሁሉ መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቀው መላው ከተማ ያያት ነበር፤ እኔም ከመኪናዬ፣ ማለቴ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ አያት ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ከሳውዲ ተመላሽ የይማምን የፍቺ ቃል ይዞላት መጣ። አመት ሳይሞላ ሽማግሌ ላክሁ። እሺ አለች። ስሙ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ተነስቶ አያውቅም፤ እሷም አታነሳው፣ እኔም አልጠይቃት። ግን ያገባችኝ ወዳኝ ነው ወይስ መጠበቅ ደክሟት የሚለው ጥያቄ ዕድሜ ልኬን ውስጤ ነበር።

ከዚያ የመርሳት ሕመም መጣባት። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋት፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የልጆቻችን ስም። የስፌት መኪናዬን ከገበያ ወደ ቤት አመጣሁት፤ እየሰፋሁ እንድጠብቃት። አጥባታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ ፀጉሯን ቅቤ እቀባታለሁ። ሪያድ ያለችው ልጃችን ስትደውል «አባ፣ እባክህ ሰው ይያዝላችሁ» ትላለች። እኔ ግን እናቷን ለሰው እጅ መስጠት አልሆነልኝም።

አንድ ጠዋት ፊቴን ልብ ብላ አየችና «እንዴት አደሩ?» አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን «አንተ» ያለችኝ ሴት አንቱ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አንቱ ነኝ፣ እሱ አንተ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይሄ ነበር። «ባልሽ እኔ ነኝ!» እያልኩ እጮህባት ጀመር።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ነው የጎረቤታችን ልጅ ሰሚራ ካሜራ ይዛ የመጣችው። ደሴ ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት። አያቷን ሕመሙ እስኪወስዳቸው ድረስ ያስታመመችው እሷ ነበረች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «የሚረሱ ሰዎች ያሉባቸውን ቤቶች እየቀረጽኩ ነው። ሳልቆርጥ ሳልቀጥል ሲያወሩ ብቻ። ከዚያ ሰው ሰብስበን እናያለን፣ አይተን እንወያያለን። ሰዉ እኮ በየቤቱ ደብቆ እየተሠቃየ ነው።»

እሺ አልኳት። ልጅቱን ስለምወዳት ነው እንጂ ነገሩ ገብቶኝ አልነበረም። ሲቀረጽ እኔ ገበያ ወርጄ ክርና ቁልፍ ስገዛ ቆየሁ። ስመለስ ዘሀራ ደስ ብሏት፣ ጉንጯ ቀልቶ አገኘኋት።

«ምን ስታወሩ ዋላችሁ?»

ሰሚራ ዓይኗን ሰበር አደረገች። «ያዩታል ጋሼ። ከማሳየቴ በፊት ግን ብቻዎን እንዲያዩት እፈልጋለሁ። አይታይ ካሉ አይታይም።»

እዚያው በስልኳ ላሳይዎት ብትለኝ እምቢ አልኩ። ፈርቼ ነው። «ከሰው ጋር አየዋለሁ» አልኳት፣ እንደ ጀግና።

የሚታይበት ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ቦታው የትምህርት ቤት አዳራሽ። ዘሀራን የሰሚራ እናት ይዛልኝ ቀረች። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ሰዉ መጥቷል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ነጋዴውም የመንግሥት ሠራተኛውም፤ ግማሹ ነገሩ ቸግሮት፣ ግማሹ ፊልም ነው ሲባል። ከፊት ወንበር ሰጡኝ።

የዘሀራ ፊት አንሶላውን ሞልቶ ወጣ። ተኩላለች። ያን ኩል የተኳለችው እኔ በያዝኩት መስታወት ነው።

«ይማም እኮ» ትላለች በአንሶላው ላይ፣ «መኪናው እስኪቆም መቼ ይታገሳል! ገና ሲንቀሳቀስ ነው ዘሎ የሚወርደው። ከሩቅ ነው ሳቁ የሚሰማኝ።»

ኋላዬ ሹክሹክታ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ ይማምን ያውቁታል። አንገቴ ላይ ፍም የተቀመጠብኝ መሰለኝ።

የሰሚራ ድምፅ ይጠይቃታል፦ «እማማ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ሰውዬስ ማን ናቸው?»

«እሳቸውማ ልብስ ሰፊ ናቸው። እንግዳ ናቸው። የማን እንደሆኑ እንጃ፤ ግን ደግ ናቸው፣ ያጎርሱኛል። ይማም ሲመጣ ውለታቸውን እንዲመልስላቸው እነግረዋለሁ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ዝም አሰኘው። እኔ ወንበሩን በሁለት እጄ ይዤ ቁጭ አልኩ።

ፊልሙ ሲያልቅ ውይይት ተጀመረ። አንዱ «ይሄ የጂን ሥራ ነው፣ የቁርአን ሩቃ ይቀራባት» አለ። ሌላው «እርጅና ነው፤ በሽታ አትበሉት» አለ። ሰሚራ ሁሉንም በትዕግሥት አስጨረሰችና ማይኩን ወደ እኔ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ሲያዩት ምን ተሰማዎት?»

«አልሀምዱሊላህ» ብዬ ልቀመጥ ነበር ያሰብኩት። አፌ ግን ሌላ አወጣ።

«ቀናሁ» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ፣ ከታመመች ሴት ጋር፣ ስሙን እንጂ መልኩን በማላስታውሰው ሰው ቀናሁ። የማጥባት እኔ፣ የምትኳለው ለሱ። ወላሂ ይሄ ሰው በእጄ ቢገባ ኖሮ…» ማይኩን መለስኩላት።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። በመልክ ነው የማውቃት፣ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ናት። «እኔም እቀናለሁ» አለች። «እናቴን የማነሣት የማስተኛት እኔ ነኝ። እሷ ግን ሌሊት ከቀን ቤሩት ያለችውን እህቴን ነው የምትጠራው። እኔን ‹አንቺ ሠራተኛ› ነው የምትለኝ። ይሄን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ጋሽ እንድሪስን አይቼ ደፈርኩ።»

ለቅሶዋ ሲመጣ ብዙ ሰው አብሯት አለቀሰ። እኔም ቀለል ሊለኝ ጀምሮ ነበር። በዚህ መሀል ሀጂ ሙሄ፣ ሁሉን አዋቂው ሀጂ ሙሄ፣ ከግራ በኩል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «ኧረ ይማም እኮ አለ! ከሳውዲ ከተመለሰ ከረመ። ወግዲ የእህቱ ልጅ ዘንድ ነው ያለ» አሉ።

በሞተ ሰው የቀናሁ ይመስለኝ ነበር። በሕይወት አለ። መኪና ተሳፍሮ የሚደረስበት ቦታ ላይ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰሚራ ከጎኔ እየሄደች «እንዳይረበሹ ጋሼ፣ ምንም ማድረግ የለብዎትም» አለችኝ። እኔም ምንም ላላደርግ ወስኜ ነበር። ያለበት ይክረም አልኩ።

ግን በሳምንቱ ዝናብ ጣለ። በስፌት ላይ አንገቴን ደፍቼ ቀና ስል ድንጋዩ ላይ የለችም። ሻሼን ሳልጠመጥም ሮጥኩ። ያገኘኋት መናኸሪያው ውስጥ ነው፤ ጫማዋ አንዱ የለም፣ ኩሏ በዝናብ ርሶ ጉንጯ ላይ ወርዷል፤ ከሚኒባስ የሚወርደውን ወንድ ሁሉ ፊት ለፊቱ ቆማ ታያለች። ሰዎቹ ይሸሿታል። ረዳቶቹ ይስቃሉ።

እጇን ስይዛት፦ «ዛሬም አልመጣም» አለችኝ። እንደ ሕፃን ነበር ያለችው።

እንግዲያው ላምጣላት አልኩ በልቤ። ለሷ ብዬ ነው ብል እዋሻችኋለሁ። እውነቱን ለማወቅ ነው። ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁማ ትየን፣ ትምረጥና ይውጣልኝ።

ለመንገዱ ለራሴ አዲስ ኮት ሰፋሁ። ለብዙ ሙሽራ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሰፋሁት ግን የለም። ጢሜን ተላጨሁ። ሰሚራ ዘሀራን ልትጠብቅልኝ ስትመጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፦ «ጋሼ፣ ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ወደ ወግዲ ስሄድ ፒስታ መንገዱ አጥንቴን እያንገጫገጨው አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፦ ስደርስ «ትናንት ቀበርነው» እንዲሉኝ። ወዲያው አስተግፊሩላህ እላለሁ፤ ትንሽ እንሄድና ደግሞ እመኛለሁ።

አልሞተም። የእህቱ ልጅ ከሱቋ ጀርባ ወዳለች ክፍል አስገባችኝ። አልጋ ላይ የተቀመጠው ሰው ጎብጧል። አንዱ ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል፤ የላይኛው ጥርሱ የለም። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል። መጀመሪያ የተሰማኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ደስታ ነው።

«የዘሀራ ባል ነኝ» አልኩት፣ ‹ባል› የምትለዋን ጠንከር አድርጌ።

ቀና አለ። «ዘሀራ… አለች?»

ስሟን ሲጠራ ደስታዬ ረገፈ። እንዲያ አድርጎ ስሟን የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ራሴም እንዲያ ጠርቻት አላውቅም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሕመሙን፣ ድንጋዩን፣ መናኸሪያውን።

«እኔን?» አለ። «እኔን ነው የምትጠብቀው?»

ፊቱ በራ። በተለኮሰ እሳት ላይ ውኃ እንደሚደፋ ሰው ያን ብርሃን ላጠፋው ፈለግኩ። «ታማ ነው እንጂ ጤነኛ ብትሆንማ አትጠብቅም» ልለው ከአፌ ደርሶ መለስኩት።

«ይምጡ ካሉኝ እመጣለሁ» አለ። «መጀመሪያ ግን ፀጉሬን ልቆረጥ።»

ስለዚህ ፀጉር ቤት ወሰድኩት። ሚስቴን ሊያይ የሚዋብን ወንድ በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ፀጉር ቆራጩ ሽቶ ሲረጭበት ዓይኔን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ሲወጣ ያ የተቀደደ ሸሚዝ እንዳለ ነው። አየሁት። እጄ ምን እንደነካው አላውቅም፣ አዲሱን ኮቴን አውልቄ አለበስኩት። ያን ሁሉ ዘመን ስትጠብቀው ኖራ በቡትቶ ይምጣባት? ለሱ አልነበረም፤ ለሷ ክብር ነው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፋበት።

መካነ ሰላም ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ዘሀራ ተኩላ ድንጋዩ ላይ ናት፤ መስታወቱን ሰሚራ ይዛላት ይሆናል። ሰሚራ ከበሩ ውስጥ ቆማ አየችን። ካሜራዋን አልያዘችም።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ዘሀራ» አልኩ። «ይማም መጣልሽ።»

ብድግ አለች። በሁለታችን መሀል አሻግራ መንገዱን አየች። «የታል?»

«ይኸው።»

አየችው። ከጫማው ጀምራ እስከ ፀጉሩ አየችው።

«እኚህ ሽማግሌ?» አለች። «አባቱ ናቸው?»

ይማም ወደፊት አንድ እርምጃ ቀረበ። «ዘሀሪ» ብሎ አቆላምጦ ጠራት።

ደነገጠች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ድምፁን እንደገና ለመስማት እንደሚፈልግ ሰው ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች። አለቀ አልኩ። አወቀችው። እኔ ልብስ ሰፊ፣ እንግዳ፣ አሁን እቃዬን ይዤ እወጣለሁ።

ዓይኗን ገለጠች። «ድምፅዎ እሱን ይመስላል» አለች። «ዘመዱ ነዎት?»

ይማም አንገቱን ደፋ። «አዎ» አለ። «ዘመዱ ነኝ።»

«መቼ ይመጣል?»

«ልኮኝ ነው የመጣሁ። ‹አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ› ብሎሻል። ‹አጥፍቻለሁ፣ ከእንግዲህ አትጠብቂኝ› ብሎሻል።»

ዘሀራ ጀርባዋ ቀጥ አለ። ሳትታመም በፊት የማውቃት ዘሀራ ብቅ አለች። «እሱ ራሱ ይምጣና ይበለኝ» አለች።

ይማም ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ድምፁ ያስፈራል። ዘሀራ ፈራች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ እጅጌዬን ያዘች፤ ጨምድዳ ነው የያዘችኝ። ይማም እየሰማ፦ «እኚህን ሰው ይሸኟቸው» አለችኝ። «ሸኝተው ግን ይመለሱ። እንዳይቀሩብኝ።»

ይማምን ይዤ ወጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ ዘመዶቹ ዘንድ አድሮ በማግሥቱ ሊሄድ ነው። በራቸው ላይ ስንደርስ ኮቱን ሊያወልቅ ጀመረ። ከለከልኩት።

«እንድሪስ» አለኝ፣ «በእርስዎ ቀናሁ።»

«በእኔ?»

«የምትጠብቀው ያንን ልጅ ነው። ያንን ልጅ እኔም ካጣሁት ቆይቷል፤ የት እንዳለ አላውቅም። እርስዎን ግን ‹ይመለሱ› አለችዎ። ከዚያ አገርም ስባረር፣ እዚህም ስገባ፣ ተመለስ ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።»

እጁን ያዝኩትና «አብሽር፣ አይዞህ» አልኩት። አንተ ማለቴ የታወቀኝ ካልኩት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እንደዋወላለን። ዘሀራ ዳነች እንዳልላችሁ፤ ይሄ ሕመም እንዲያ አይደለም። ዛሬም ትኳላለች፣ ዛሬም ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች። ቅናቴም አልሄደም። ያ ዘሎ የሚወርድ ልጅ አሁንም ይበልጠኛል፤ አያረጅም፣ አይደክመውም፣ ቀሚሷን የሚያቆሽሽ ምግብ አያጎርሳትም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ‹ባልሽ እኔ ነኝ› እያልኩ መሟገቱን ተውኩት። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስሟገት እሷ የምታየው ቤቷ ገብቶ የሚጮህባት የማታውቀው ሰው ነበር። አሁን በርጩማዬን ይዤ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ መንገዱን አብረን እናያለን።

ይሄን የምታነቡ፣ በቤታችሁ ስማችሁን የረሳ ሰው የምታስታምሙ ካላችሁ፣ ብትቀኑ አትፈሩ። በሌለችው እህታችሁ፣ በሞተው፣ በሄደው ብትቀኑ ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም። ለአንድ ሰው ተናገሩት። እኔ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አምልጦኝ ባልናገር ኖሮ፣ ያ ነገር ቀስ እያለ እጄን ያከብደውና አንድ ቀን ዘሀራ ላይ ያርፍ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዳችን ተቀምጠን ሳለ ዘሀራ ዞር ብላ አየችኝ።

«እርስዎም በየቀኑ እዚህ ይቀመጣሉ። የሚጠብቁት ሰው አለ?»

«አለ» አልኳት።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት።»

አንድ አይሱዙ አቧራውን እያስነሣ አለፈ። ሻሿን አስተካከለች፤ ኩሏን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። ድምፅዋ ትንሽ ሻከር ብሎ፦

«ቆንጆ ናት?» አለችኝ።